አራት የሚባል አላውቅም

ሺንዙ፣ ኦክቶበር 6

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ ለፋን ኩይሞይ፤ ኢሺጋኪ ደሴት፣ አናናሶቹ መሀል።

እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎስ? የዘንድሮው አናናስ እሾኹን ያበቀለው እንደ ወትሮው ወደ ውጭ ነው ወይስ እንደ ባለቤቱ ወደ ውስጥ? እኔ ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት፤ ድምፅዋ በተለይ በጣም ደህና ነው። የሰፈራችን መሬት ጠባቂ መንፈስ አያ ቦጉንግ እርሻዎን ከአውሎ ነፋስ፣ እርስዎንም ከብቸኝነት ይጠብቅልኝ። ትናንት ሦስት ዕጣን ለኩሼ ስምዎን ነግሬዋለሁ። አድራሻዎንም ነግሬዋለሁ፤ ባሕር ማዶ ስለሆነ እንዳይጠፋበት።

ባለፈው ደብዳቤዎ «ሥራ ያዝክ ሲሉ ሰማሁ፤ የተሳሳተው ሰው ማነው?» ብለውኛል። የተሳሳተችው ወይዘሮ ፔንግ ትባላለች። ከሩዝ ኑድል ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ትንሽ የኮምፒውተር ድርጅት አላት። የሙያ ትምህርት ቤታችን ደወል በዶሮ ጩኸት የተቀየረ ዕለት የእኔም ትምህርት በዚያው እንደቀረ ያውቃሉ፤ እሷም ታውቃለች። «ደወሉን እንዴት አድርገህ ነው የቀየርከው?» ብላ ጠየቀችኝ። አሳየኋት። ሳቀችና ለሦስት ወር ሙከራ ቀጠረችኝ። ከተሳካልኝ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ። ካልተሳካ እናቴ ገጠር ልካ አጎቴን ዝይ ልታስጠብቀው ነው፤ ማለቴ አጎቴ እኔን፣ እኔ ዝይዎቹን።

ሥራው ምንድን ነው ላሉት፣ የምንሠራው ፕሮግራም ዘበኛ ነው። በሰዎች ኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጥና ማሽኑ ደከመው ወይ፣ ሞቀው ወይ፣ ሞልቶበታል ወይ እያለ ሲያይ ይውላል። ሊወድቅ ሲል ለባለቤቱ ይናገራል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ታዲያ ይሄ ዘበኛ ሲሠራ ለራሱ ያወራል። «አሁን ዲስኩን አየሁ፤ አሁን ሜሞሪውን ለካሁ፤ አሁን ደግሜ ላየው ነው።» ይሄ ወሬ ዲበግ ይባላል። ለደንበኛ አይደለም፣ ለእኛ ነው፤ ዘበኛው የታመመ ቀን የት ጋ እንዳመመው ከወሬው እናገኘዋለን። ግን ቀኑን ሙሉ ካወራ ማን ይችለዋል? ስለዚህ እንደ ሬዲዮ ድምፅ ማሳነሻ አለው። ዜሮ ላይ ዝም ይላል። አንድ ላይ «እሳት!» ብቻ ይላል። እያለ እያለ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ስለ ገዛ ትንፋሹ ሳይቀር ይተርካል፣ ልክ እንደ እናቴ። ያ ማሳነሻ ነው የእኔ ሥራ።

በዚህ መለኪያ እርስዎ አንድ ላይ ነዎት። «ደህና ነኝ። ዝናብ ዘንቧል። ኩይሞይ።» ዓመት ሙሉ ስልክ አልይዝም ብለው፣ ቴምብር ልሰው፣ የሚልኩልኝ ይሄንን ነው። እኔ ግን ዘጠኝ ነኝ፤ አለመታደልዎ ነው።

አንድ ምስጢር ልንገርዎ። የዘጠነኛው ደረጃ ወሬ ደረቅ ነበር፤ ማንም ደንበኛ ደግሞ አያየውም። ስለዚህ ትንሽ ጨው ነሰነስኩበት። ሜሞሪው ሲሞላ ዘበኛው «ይሄ ሆዳም ዛሬም አልጠገበም እንዴ?» ይላል። ማሽኑ ሲሞቅ «ኧረ ላብህን ጥረግ፣ ሰው ያይሃል!» ይላል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ የሚናገሩት እርስዎ ነዎት፦ «ተነሥ አንተ ዘልዛላ፣ ፀሐይ አናትህ ላይ ወጣች!»

ዋናው ማሽናችን፣ ሰርቨሩ፣ ራስ ላይ እንደ አገራችን ኮምፒውተር ቤቶች ደንብ፣ ማሽኑ እንዳይረብሽ፣ «ጨዋ ሁን» የሚባለው የበቆሎ ብስኩት ተቀምጧል። አረንጓዴው ከረጢት ነው፤ ቢጫ ከሆነ ማሽኑ ይለግማል፣ ቀኑ ካለፈ ያምፃል፣ የበላው ሰው ካለ ደግሞ ወዮለት። ወይዘሮ ፔንግ ከረጢቱንም እኔንም እያየች «ከሁለታችሁ ጨዋው የትኛው ነው?» አለችኝ። «ሁለታችንም» አልኳት፤ «እሱ በጠባይ ጨዋ ነው፣ እኔ ባለመማር።»

ከዚህ ምን ልላክልዎ?

ዘጠነኛው ዘመድዎ፣
ካይ


ኢሺጋኪ፣ ኦክቶበር 23

ይድረስ ለካይ።

እንደምን አለህ? ለእናትህ ሰላም በልልኝ። አያ ቦጉንግ አንተንም ይጠብቅህ፤ ብዙ ሥራ ፈጠርክበት እንጂ።

ደህና ነኝ። ዝናብ ዘንቧል። አጭር ነው ስላልከኝ ጨምሬያለሁ፤ ነፋስም ነፍሷል።

ድምፄን ማሽን ውስጥ መክተትህን አንብቤያለሁ። እኔ «ዘልዛላ» አልልም። «ዝልፍልፍ» ነው የምለው። በስሜ ከተናገርክ አይቀር አስተካክል።

ያ ዘበኛህ ግን ሥራ አለው? ቀድሞ እዚህ የቀጠርኳቸው ልጆች ሁሉንም ነገር ይጮሁ ነበር። ደመና መጣ ብለው ይጮሃሉ፣ ባርኔጣዬ ወደቀ ብለው ይጮሃሉ። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ «እባብ!» ብሎ ጮኸ። እኔም እንደ ባርኔጣው ቆጥሬው ሥራዬን ቀጠልኩ። እባቡ እግሬ ላይ የተወውን ጠባሳ ሕፃን ሆነህ «አክስቴ ዚፕ አላት» ትል ነበር። እንግዲህ የማን ጥፋት እንደሆነ አንተ ፍረድ።

የውሃ መሳቢያው ሞተር እንደገና ተበላሽቶ ነበር። ጎረቤቴ ሚያራ መጥቶ ጠገነው።

ምን ልላክ ላልከው፣ የሺንፑ መንደርን የደረቀ ካኪ ፍሬ ላክልኝ፤ በዘጠነኛው ወር ነፋስ የደረቀውን። ሁለት ሳጥን ይሁን።

ኩይሞይ


ሺንዙ፣ ኖቬምበር 12

ይድረስ ለተከበሩት፣ ለተወደዱት፣ አሁን ደግሞ ለታወቁት አክስቴ።

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምርና ቀስ ብዬ ውሸቴን ላፍርስ። ካኪው በሌላ ጥቅል ተልኳል። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ከደንበኞቻችን ትልቁ የአትክልት ጨረታ ገበያ ነው። ሊቀመንበሩ ጎንግ ይባላሉ፤ የዝንጅብል ነጋዴ ናቸው፣ ሆዳቸው ከእሳቸው ቀድሞ በር ይገባል። ባለፈው ወር ቢሯችን መጥተው ወንበር ሳይጠይቁ ተቀመጡ።

«ይሄ የወሬ ደረጃ የምትሉት ዝርዝር ላይ አራት የሚል አየሁ» አሉ።

«አዎ ሊቀመንበር፤ ከሦስት ቀጥሎ የሚመጣው ነው» አልኳቸው።

«አትቀልድ! ሲጠሩት ሞት የሚል ቃል የሚመስል ቁጥር ነው። ሕንፃዬ አራተኛ ፎቅ የለውም፤ ሊፍቱ ከሦስት አምስት ይዘላል። መኪናዬ ላይ አራት የለም። ማሽኔ ላይ ልታስቀምጡብኝ ነው?»

«ቤተሰብዎ ስንት ነው?»

«አምስት!» አሉ። «አራት የሆንን ጊዜ ቶሎ ብለን ጨመርን።»

ወይዘሮ ፔንግ እግሬን ከጠረጴዛ ሥር ረገጠችኝና «ይወጣል፣ ሊቀመንበር» አለች። ያወጣሁት እኔ ነኝ። እንደ ሊፍቱ ከሦስት አምስት ዘለልኩ። ከዚያ አንድ ነገር አሰብኩ። ዘበኛው የማያውቀው ቁጥር ቢሰጡትስ? ግራ የገባው ሰው ሁሉንም ይናገር፣ እኛ ሰምተን እንረዳዋለን ብዬ፣ ቁጥሩ ካልተገኘ ዘጠኝን ክፈት ብዬ ጻፍኩ። ብልህ መሰልኩ።

እንግዲህ ይስሙኝ። የገበያው ማሽን ከድሮ ጀምሮ የተሞላው አራት ላይ ነበር። ማንም አልቀየረውም፤ ማንም ያንን ቁጥር በጣቱ መንካት አልፈለገማ! ማክሰኞ ጠዋት አዲሱ ዘበኛ ገበያው ላይ ነቃ። ስንት ላይ ነኝ ብሎ አየ፤ አራት። አራትን ፈለገ፤ የለም። አፉን ከፈተ።

የገበያው አዳራሽ ግድግዳ የሚያህል ስክሪን አለው። ከላይ ዋጋና የገዢ ስም ይወጣል። ከታች በኩል ደግሞ የዘበኛው ማስጠንቀቂያ እንዲያልፍ ተደርጓል፤ ማሽኑ ችግር ካለበት ሁሉም እንዲያየው ተብሎ። በቃ። ስልክ ተደውሎልን በወይዘሮ ፔንግ ሞተርሳይክል በርረን ስንደርስ ከላይ «ዝንጅብል፣ ገዢ ጎንግ» ይላል። ከሥሩ፣ በትልቅ ፊደል፦

«ይሄ ሆዳም ዛሬም አልጠገበም እንዴ?»

አዳራሹ ሙሉ ይስቃል። አንድ ጎመን ሻጭ ሴትዮ ቅርጫቷ ላይ ተደግፋ «ውይ ሆዴን! ውይ ሆዴን!» ትላለች። ሊቀመንበሩ ተናደው ሌላ ዝንጅብል ለመግዛት እጃቸውን አነሡ። ከታች፦

«ኧረ ላብህን ጥረግ፣ ሰው ያይሃል!»

አክስቴ፣ አባቴ ይሙት፣ መሐረባቸውን አውጥተው ጠረጉ።

ወይዘሮ ፔንግ ሮጣ ማሽኑን አጠፋችው። ሲነሣ ምን እንዳለ ያውቃሉ። «ተነሥ አንተ ዝልፍልፍ፣ ፀሐይ አናትህ ላይ ወጣች!» እንዳዘዙኝ አስተካክዬው ነበር። ጎመን ሻጯ ተነሥታ አጨበጨበችልዎ። እርስዎ በሺንዙ አትክልት ተራ የተከበሩ ሰው ነዎት።

ቢሮ ስንመለስ ወይዘሮ ፔንግ ቀጥታ ወደ ሰርቨሩ ሄዳ አረንጓዴውን ከረጢት አነሣችና ቀኑን አየች። ቀኑ አላለፈም። ከረጢቱን መልሳ አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች።

«እንግዲህ አንተ ነህ» አለች።

ሊቀመንበሩ እኔ ካልተባረርኩ ውሉ ይፍረስ ብለዋል። እሷ ለምናቸው፣ የሙከራ ጊዜዬ በሚያበቃበት ዲሴምበር 16 ገበያው መጥቼ፣ እሳቸው የፈለጉትን ቁጥር ሞልተው ሊፈትኑኝ ተስማሙ። ያን ቀን አንዲት ትርፍ ቃል ስክሪኑ ላይ ካለፈች እኔ ወደ ዝይዎቹ ነኝ። እናቴ አታውቅም። ለእርስዎ ብቻ ነው የነገርኩት፤ እንግዲህ ደረጃ አንድ ላይ ሆነው ይቆዩልኝ።

አሁን የእኔ ጥያቄ። ሁለት ሳጥን ካኪ ለአንድ ሰው? ሞተሩስ ስንት ጊዜ ነው የሚበላሸው? ይሄ ሚያራ የሚባለው ሰው መካኒክ ነው ወይስ ምንድን ነው?

በዜሮና በዘጠኝ መካከል የተንጠለጠለው፣
ካይ


ኢሺጋኪ፣ ኖቬምበር 25

ይድረስ ለካይ።

እንደምን አለህ? ለሥራህ ዕጣን ለኩሼልሃለሁ።

ካኪው ደርሷል። ጣፋጭ ነው።

የዝንጅብሉን ሰውዬ ነገር ሳነብ ሻዬ በአፍንጫዬ ወጣ። ቢሆንም ጥሩ አልሠራህም። ሰው በሠራተኞቹ ፊት ተሳቀበት። ባዶ እጅህን ሳትሆን ቤቱ ሂድና ይቅርታ ጠይቅ። ስትገባ አትሳቅ። ስትወጣም አትሳቅ፤ ጥግ እስክትዞር ጠብቅ።

ስለ ሞተሩ የጠየቅከኝን አላወቅሁትም። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

እንዲሁም ያን የእኛን ሰዎች ትልልቅ አበባ ያለበትን ጨርቅ ላክልኝ። ቀዩን።

ኩይሞይ


ሺንዙ፣ ዲሴምበር 4

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ፣ ለብልሃተኛዋ።

እንደምን ሰንብተዋል? ከዚህ በፊት ስሳለቅበት የኖርኩትን ያንን አጭር ደብዳቤዎን አሁን ጠረጴዛዬ ላይ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ። ምክንያቱን ልንገርዎ።

ሁለት ሳምንት ከወይዘሮ ፔንግ ጋር ስንጨቃጨቅ ነበር።

«የማያውቀው ቁጥር ሲመጣ ዝም ይበል» እላለሁ እኔ።

«ዝም ካለ መታመሙን በምን እናውቃለን? ቁጥሩ የተሳሳተ መሆኑንስ ማን ይነግረናል?»

«እሺ ይናገር።»

«ሲናገር አየነው! በሁለቱ መሀል ሰው አይኖርም እንዴ? ወይ ድዳ ነው ወይ ለፍላፊ ነው የምታውቀው?»

«ዘመዶቼ አክስቴና እናቴ ናቸው» አልኳት። ማስቲሽ ወረወረችብኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ኑድል ቤቱ ደረጃ ላይ ነው። «ስለ ሞተሩ የጠየቅከኝን አላወቅሁትም። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።» አንዴ አነበብኩና ተናደድኩ። ሁለተኛ አነበብኩና ኑድሌን ጥዬ ወደ ላይ ሮጥኩ። ይሄ ነዋ! የማላውቀው ነገር ተጠየቅሁ፤ አላወቅሁትም ብዬ አንድ ጊዜ እናገራለሁ፤ ከዚያ ወደ ጸጥታዬ ተመልሼ ዋናውን ሥራዬን እቀጥላለሁ። አልጮህም፤ አልደበቅም። ማሽኑ ቢቃጠል ያኔ እሳት እላለሁ።

ወይዘሮ ፔንግ ደብዳቤውን ተቀብላ አነበበችው። ብዙ ዓመት የዘበኛ ወሬ ያነበበች ሴት ናት። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ፦

«ይህች ሴትዮ አንድ ነገር ደብቃለች» አለች።

«አውቃለሁ፤ ግን እንዴት አድርጋ እንደደበቀችው አየሽ?»

«ካይ፣ ቁጭ በልና ልክ እንደዚህ አድርገህ ጻፈው።»

ጻፍኩት። ሆዳሙንም ላቡንም ደግሞ አስጠፋችኝ። «ሜሞሪ ተነበበ፤ ሙቀት ተለካ» ብዬ ተካሁ፤ እያነበብኩት እንቅልፍ ወሰደኝ። የእርስዎን ቃል ልሰርዝ ስል ግን እጄን ያዘችኝ። «እሱን የቢሯችን ማሽን ላይ ተወው» አለች። «ጠዋት ጠዋት ያስፈልገኛል።»

ይቅርታውንም እንዳዘዙኝ ሄድኩ። አንድ ሳጥን ካኪ ይዤ፣ ፊቴን አኮማትሬ። ሊቀመንበሩ ሳጥኑን ተቀብለው እየከፈቱ፦

«ሆዳም ያልከው እኔን ነው?»

«አይደለም ሊቀመንበር፤ ሜሞሪውን ነው።»

«ሜሞሪው በጣም ይበላል?»

«ያገኘውን ሁሉ።»

«ከእኔ ይበልጣል?»

«በጭራሽ አይወዳደርም፤ እርስዎ እኮ ይጠግባሉ።»

«እጠግባለሁ እንጂ!» አሉ አንድ ካኪ እየዋጡ። «ስጠግብ እተዋለሁ። ቤቱን ጠይቅ።» ሆዳም አለመሆናቸውን ሲያስረዱኝ ሳጥኑ አለቀ። አልሳቅሁም። ጥጉን ዞርኩና ግድግዳ ይዤ ቆየሁ።

ይቅር ብለውኛል ማለት ግን አይደለም። በር ላይ «ዲሴምበር 16 እንገናኛለን» ነው ያሉኝ። ዝይዎቹን በሕልሜ አያቸዋለሁ፤ ስሜን ያውቃሉ።

ጨርቁን ልኬያለሁ። ቀይ ነው፤ አበባዎቹ የሰው ራስ ያህላሉ። ለመጋረጃ ነው? ለአልጋ ልብስ ነው? ቀይ ጨርቅ የሚፈለገው ለምን ለምን እንደሆነ ቆጥሬ ቆጥሬ አንድ ቦታ ስደርስ ቆሜያለሁ። «ስለ ጨርቁ አላወቅሁም» እንዳይሉኝ፤ ዘዴው አሁን የእኔም ነው።

ካይ


ሺንዙ፣ ዲሴምበር 18

ይድረስ ለጠፉት አክስቴ።

እንደምን ሰንብተዋል? መልስዎ አልመጣም። ጨርቁ አልደረሰም ወይስ እርስዎ ዜሮ ላይ ወረዱ? የሆነ ሆኖ ይሄን ለመናገር መልስ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም።

ከትናንት በስቲያ ገበያው ጢም ብሎ ነበር። ወሬው ተሰምቶ ዓሣ ተራው ሳይቀር መጥቷል። ጎመን ሻጯ ከፊት ቅርጫት ገልብጣ ተቀምጣለች። ሊቀመንበሩ አዲስ ኮት ለብሰው ማሽኑ ጋ ቆሙ። ቁጥሩን ነግረውኝ የምጽፈው እኔ መስሎኝ ስጠጋ በክርናቸው ገፉኝ።

«እኔ ነኝ የምጽፈው» አሉ።

ጣታቸው ቁልፎቹ ላይ ተንሳፈፈ። ሁለት ይጽፋሉ ወይም ሰባት ብዬ ነበር። ጣታቸው አራት ላይ ሄዶ ቆመ። ከኋላዬ አንድ ሰው «ኧረ ሊቀመንበር፣ ተዉ!» አለ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑና ያን በሕይወታቸው ነክተውት የማያውቁትን ቁልፍ ተጫኑት።

ስክሪኑ ጨለም አለ። ወይዘሮ ፔንግ ክንዴን ቆነጠጠችው፤ እስካሁን ሰማያዊ ነው። ከዚያ ከታች አንድ መስመር ብቻ ቀስ ብሎ አለፈ፦

«አራት የሚባል አላውቅም። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።»

ቀጥሎ ምንም የለም። የካሮት ዋጋ ብቻ።

መጀመሪያ የጮኸችው ጎመን ሻጯ ናት። «እኔም አላውቀውም!» አለች። ከዚያ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ገልጠው አነበቡት። አፋቸውን እያንቀሳቀሱ ደግመው አነበቡት። ፊታቸው እንደ ሙሉ ጨረቃ በራ።

«ሰማችሁ?» አሉ። «ማሽኑ ራሱ መሰከረ! በዚህ ገበያ አራት የሚባል የለም!»

አሁን ያቺን መስመር በቀይ ወረቀት ላይ በወርቃማ ቀለም አጽፈው ለአዲስ ዓመት የገበያው በር ላይ ሊለጥፏት ነው። ሌላው ሰው በሩ ላይ ሀብትና ዕድሜ ይጽፋል፤ እነሱ የእርስዎን ቃል። በነገራችን ላይ፣ ስንወጣ ሊቀመንበሩ ጎተት አድርገው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«ያ… ላብህን ጥረግ የሚለው፣ ጠፋ?»

«ጠፋ፣ ሊቀመንበር።»

«እም። ጥሩ። ሠራተኞቼ ጠይቀውኝ ነው እንጂ እኔማ…»

ወይዘሮ ፔንግ ቢሮ ስንደርስ መሳቢያዋን ከፍታ አንድ አረንጓዴ ከረጢት አወጣች። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ካይ» ብላ ጽፋበታለች። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። «ከዛሬ ጀምሮ አንተም የቢሮው ዕቃ ነህ» አለች። «እንዳትበላው።» አክስቴ፣ ቋሚ ሆንኩ! እናቴ ስትሰማ አለቀሰች፣ ከዚያ ለምን እስካሁን አልነገርከኝም ብላ በጫማ አሳደደችኝ፣ ከዚያ ዝይ አረደች። ዝይዎቹም በዚህ ተገላገሉኝ፤ ከአንዱ በቀር።

እኔ ሁሉን ነገርኩዎት። እርስዎ ግን ሁለት ሳጥን ካኪ፣ ቀይ ጨርቅ፣ የማይጠገን ሞተር። ዘበኛ ነኝ፣ ምልክቱን አያለሁ። ለአንድ ቀን ብቻ ይክፈቱልኝ። ዘጠኝ ባይሆን ስድስት።

ካይ


ኢሺጋኪ፣ ጃንዋሪ 21

ይድረስ ለቋሚው ካይ።

እንደምን አለህ? እንኳን ደስ አለህ። ደብዳቤህን ለብቻዬ አላነበብኩትም፤ ለሚያራ እየተረጎምኩ ነው ያነበብኩት። መሐረቡ ላይ ሲደርስ ከወንበሩ ወደቀ። አልተጎዳም።

ዛሬ ዘጠኝ ላይ ነኝ። እንደገና ስለማልከፍተው በደንብ አንብብ።

ሞተሩ መጀመሪያ የእውነት ተበላሽቷል። ሁለተኛው ጊዜም የእውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሽቦውን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ሚያራ የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ስለ ሟች ሚስቱ ያወራል፣ እኔም ስለ ሟቹ ባሌ አወራለሁ፣ ሊመሽ ሲል ተነሥቶ ሽቦውን ይሰካል። ስለ ሽቦው አንድ ቃል አይናገርም። አንድ ቀን ግን መንቀሉን ረሳሁት። መጣ። ሞተሩ ይሠራል። ሁለታችንም ቆመን ሞተሩን አየነው። «ዛሬ በጣም ከባድ ብልሽት ነው» አለና ተቀምጦ ሻዩን ጠየቀ። ሁለተኛውን የካኪ ሳጥን የበላው እሱ ነው። ቀዩን ጨርቅ ልብስ አሰፍቼበታለሁ። አዎ፣ ቆጥረህ ቆጥረህ የቆምክበት ቦታ ላይ ነው። ልንጋባ ነው።

ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ቤተሰቡ ቢስቅብኝስ አልኩ። ከዚያ ባለፈው ወር የዚያን ሊቀመንበር ነገር ደግሜ ሳነብ ገባኝ፤ አንተ እኮ በሁሉም ሰው ነው የምትስቀው። በሁሉም በሚስቅ ሰው ፊት ማፈር ከንቱ ነው። ስለዚህ ለእናትህም ለሌሎቹም አንተ ንገርልኝ፤ በጨውህ አድርገህ ንገራቸው።

አሁን አንድ ችግር አለ። የመንደሩ አዳራሽ እስከ በጋ ድረስ ተይዟል። ክፍት የተገኘው ማርች 4 ብቻ ነው። ለምን ክፍት እንደሆነ ይገባሃል፤ እዚህም ሰዎች ከዚያ ቁጥር ይሸሻሉ። ሚያራ ይስቃል፤ «ቀኑን ማንም ካልፈለገው የእኛ ነው» ይላል። እኔ ግን ሌሊት እየተገላበጥኩ ነው። በዚያ ቀን ሠርግ ስጠራ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዘመድ ይኖራል? አንድም ሰው በእኔ በኩል ሳይቆም ያን ቀይ ልብስ ለብሼ ልገባ አልፈልግም። አሠሪህ ትፈቅድልህ እንደሆነ ጠይቅልኝ። የማትመጡ ከሆነ እስከ በጋ እንጠብቃለን፤ ቶሎ ጻፍልኝ።

ብዙ ጻፍኩ። እጄን አመመኝ።

ኩይሞይ


ሺንዙ፣ ፌብሩዋሪ 2

ይድረስ ለሙሽራዋ አክስቴ።

እንደምን ሰንብተዋል? ለእናቴ ነገርኳት፤ ድምፅዋ እዚያ ድረስ ካልተሰማ ነፋሱ በሌላ በኩል ነበር ማለት ነው። ልብስ እየገዛች ነው። አጎቴ ዝይውን ትቶ ይመጣል። ወይዘሮ ፔንግ ፈቃድ ሰጥታኛለች፤ ይዤልዎ እንድመጣም አንድ አረንጓዴ ከረጢት ገዝታለች፣ ቀኑ ያላለፈ፤ ሞተሩ ራስ ላይ እንዲያስቀምጡት ነው። ሊቀመንበር ጎንግ ለአዳራሹ በር የሚለጠፍ ቀይ ወረቀት በገዛ እጃቸው ጽፈው ሰጥተውኛል። ምን እንደሚል እዚሁ ልንገርዎ፤ ለጥያቄዎም መልሱ እሱ ነው፦

አራት የሚባል ቀን አናውቅም። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

እንመጣለን፤
ካይ